ሰባተኛዋ ባንዲራ

ቦሼ ዳልጮ ሶዶ ከተማ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ከተሻገር ጋር የተዋወቁት ዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ካርታ ዘርግቶ ሲለካ አግኝታው ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የመሬት ቀያሽ ነበር።

«ይሄ ጅረት እኮ በጋ ላይ ይደርቃል» አለችው ጎንበስ ብላ።

ቀና ብሎ አያት። ካርታውን እንድታርም እርሳሱን ሰጣት።

ተሻገር በከተማው የካርታና ኮምፓስ ሩጫ ሲያስጀምር የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እሷ ሆነች። ሯጮቹ ጫካ ውስጥ የተተከሉ ባንዲራዎችን በካርታ እየፈለጉ በተራ ያገኛሉ፤ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ዓመት ሳይሞላ ተዋደዱ።

አባቷ አቶ ዳልጮ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አልተቀበሉትም። «ዛሬ ተመድቦ መጣ፣ ነገ ተዛውሮ ይሄዳል። ልጄን ለመንገደኛ አልሰጥም።» ቦሼ ግን ዓመቱን ሙሉ «ከእሱ ሌላ አላገባም» ትላቸው ነበር።

የዞኑ ውድድር ቀን ግን ልጃቸውን ለማየት መጡ። ቦሼ ከኋለኞቹ ጋር ገባች፤ በቀጥታ ወደ ዳኞቹ ሄደች።

«ሰባተኛዋ ባንዲራ ካርታው ላይ ያለው ቦታ አይደለችም። ሌላ ሸለቆ ውስጥ ናት። ሌሎቹ ካርታውን ትተው አንዱ ሌላውን እየተከተለ ነው ያገኟት።»

«ስትሸነፍ ምክንያት አመጣች!» አለ ከተመልካቹ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። አቶ ዳልጮ አንገታቸውን ደፉ።

ባንዲራዋን ማለዳ በጉም ውስጥ የተከላት ተሻገር ነበር። ተሳስቶ ከሆነ ከቢሮ የመጡት ኃላፊዎቹ ፊት መዋረዱ ነው። ቦሼን አያት፤ እሷም አየችው፤ አልለመነችውም። ኮምፓሱን ይዞ ተራራውን ወጣ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰና ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ባንዲራዋን ያለ ቦታዋ ተክያለሁ። ከስልሳ ሰው ካርታውን በትክክል ያነበበችው ቦሼ ብቻ ናት።»

አቶ ዳልጮ ወደ እሱ መጡ።

«ሥራህ ላይ ችግር አያመጣብህም?»

«ሊያመጣ ይችላል፣ አባባ። ግን እሷ እውነት ተናግራ ሲሳቅባት ዝም ልል አልችልም።»

አቶ ዳልጮ ከእግር እስከ ራሱ አይተውት ሄዱ።

በሳምንቱ ውድድሩ ተደገመ። ቦሼ በአራት ደቂቃ ቀድማ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ገባች።

«የኔ ልጅ ናት! የዳልጮ ልጅ!» እያሉ አባቷ ሰው መሐል ገብተው አቀፏት። ከዚያ ወደ ተሻገር ዞሩ።

«አንተስ፣ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?»

ቦሼ ቁና ቁና እየተነፈሰች ሳቀች።

«አባባ፣ እኔንስ አትጠይቀኝም?»

«አንቺንማ ምን እጠይቃለሁ? ዓመቱን ሙሉ ስትመልሺልኝ አይደል የከረምሽው!»