ከቤቱ ጋር አልወረስም

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ አሶሳን ጭጋግ ሸፍኗታል።

ዐርዋ ችሎት ፊት ቆመች። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ወንድሙ ቤቷ ገብቶ፣ «መኖር ከፈለገች ሚስቴ ሆና ትኑር» ብሏል። እርሷና ልጇ ጎረቤት ተጠግተዋል።

በበርታ ቋንቋ ተናገረች።

«ቀርከሃውን ከባሌ ጋር ተሸክሜ የሠራሁት ቤት ነው። እኔ የቤት ዕቃ አይደለሁም፤ ከቤቱ ጋር አልወረስም!»

አስተርጓሚው ሃሩን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቤቱ እንዲለቀቅላት በትሕትና ትለምናለች።»

ዐርዋ አማርኛ መናገር ይቸግራታል እንጂ ትሰማለች።

«ውሸት! እኔ አልለመነም! አንተ ለምን ትዋሻለሽ?»

ታዳሚው ሳቀ። ፊቷ ጠቆረ። ቀጠሮ ተሰጠ።

ሃሩን እስከ በረንዳው ተከተላት፤ በቋንቋቸው አነጋገራት።

«እኅቴ፣ እንዲያዝኑልሽ ብዬ እኮ ነው...»

«እዘኑልኝ ያለ ማን ነው? ወላሂ፣ ከእርሱ ይልቅ አንተ ታናድደኛለህ! እርሱ ቤቴን ወሰደ፤ አንተ አፌን!»

ሃሩን አንገቱን ደፋ።

«አባቴ ሲሞት እናቴን አጎቴ ወረሳት። አንድም ቀን ስትጮህ አልሰማኋትም። ቁጣ እንዴት እንደሚተረጎም... አላውቅም።»

ዐርዋ ለመሄድ ፊቷን አዙራ ነበር። ቆመች።

«ስሟ ማን ነው?»

«ሐዋ።»

«እንግዲያው ለእኔ ባትጮህ ለሐዋ ጩህ።»

በቀጠሮው ቀን የባሏ ወንድም፣ «ጥሎሽ የሰጠው ቤተሰባችን ነው፤ የእኛ ናት!» አለ። ዐርዋ መለሰች። ሃሩን አንዲት ቃል ሳያለዝብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ጥሎሽ ሰጣችሁ እንጂ ሰው አልገዛችሁም! ባሌን ቀብሬአለሁ፤ እኔን በቁሜ አትቀብሩኝም! ባለፈው እዚህ የሳቃችሁብኝም እፈሩ!»

ዳኛው ቀና አሉ።

«እንዲህ ብላለች?»

«ብላለች፣ ክቡር ዳኛ። ቃል በቃል።»

በዚያ ቀን የሳቀ የለም።

ውሳኔው በመስከረም ተነበበ። የቤቱ ግማሽ የዐርዋ፣ ግማሹ የልጇ ነው፤ ያለ ሴቲቱ ፈቃድ ጋብቻ የለም፤ የሟች ወንድም ቤቱን ይልቀቅ።

የባሏ ወንድም፣ «ይግባኝ እላለሁ!» ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።

ግቢው ውስጥ ሃሩን ቀስ ብሎ ቀረባት።

«ዐርዋ... ብታገቢኝ፣ ባልሽ ስለምሆን በይግባኙ ላስተረጉምልሽ አልችልም።»

«እየጠየቅኸኝ ነው ወይስ እያስፈራራኸኝ?»

«መጠየቄ ነው።»

ዐርዋ ፊቷን ወደ እርሱ አዞረች።

«ፍርድ ቤቱ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልግ። ግን ስማ! ቤቱ የእኔና የልጄ ነው።»

«አውቃለሁ። ያስተረጎምኩት እኔው አይደለሁ?»

ሳቀች። ቁጣዋ ግን ከዓይኗ አልወጣም፤ እርሱም እንዲወጣ አልፈለገም።

በኅዳር ተጋቡ። ይግባኙ በጥር ተሰማ፤ ውሳኔው ጸና።