ሦስተኛው መርፌ

«አለቀ! ክንድሽን ሳታጥፊ ጥጡን ጫን አድርገሽ ያዢው» አላት ወጣቱ ላቦራቶሪስት።

ቀጮ ትንፋሿን ለቀቀች። ቅጥነቷን አይተው ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው፤ ደም ሥሯም እንደ እሷው ቀጭን ስለሆነ የተገኘው በሁለተኛው መርፌ ነው። መርፌ ከሩቅ ስታይ የምትሸሽ ልጅ ዛሬ ሁለቱንም ችላለች።

«ጎበዝ የእኔ ልጅ! በይ ቶሎ፣ ትምህርት ቤት ረፍዶብሻል» አለች አክስቷ ቦርሳዋን እያነሳች።

ልትነሳ ስትል ዐይኗ ደሟ ያለበት ብልቃጥ ላይ አረፈ። ልጣፉ «ዕድሜ፦ 68» ይላል።

እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ወዲያው ገባት። ተራው ኮሪደሩ ላይ ከእሷና ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት የሽማግሌው ነበር፤ ስልክ ሊያነጋግሩ ወጣ ሲሉ እሷ ገባች። ላቦራቶሪስቱ ስሟን አልጠየቃትም፤ ብልቃጡ ላይ የእሳቸውን ስም ቀድሞ ለጥፎ ነበር። ሽማግሌው «ሐኪሙ መድኃኒቴን የሚቀይረው የዛሬውን ውጤት አይቶ ነው» ሲሉ ሰምታለች።

ከተናገረች እንደገና መወጋት አለ። ዝም ብትል ደግሞ ያየ የለም። በሩ ድረስ ሄደች። እጀታውን ያዘች። እግሯ ግን አልወጣ አላት።

«ይቅርታ» አለች ዞር ብላ። «ይሄ ደም የእኔ ነው። የተለጠፈው ግን ኮሪደሩ ላይ የነበሩት የአባባ ስም ነው።»

ላቦራቶሪስቱ ብልቃጡን አንስቶ አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ታዲያ ልጣፉን ቀይረዋ!» አለች አክስቷ።

«አይሆንም እትዬ። በሌላ ሰው ስም የተለጠፈ ደም ይጣላል እንጂ አይታረምም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስሟን ሳልጠይቅ መርፌ ማንሳት አልነበረብኝም።» ወደ ቀጮ ዞረ። «ሁለቴ ወግቼሻለሁ፤ ሌላ ባለሙያ ልጥራልሽ። ከደከመሽም ነገ መምጣት ትችያለሽ።»

«ነገማ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስፈራ ላድር ነው!» አለች ቀጮ። አክስቷን ሳቅ አመለጣት።

ቀጮ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የተጠራችው ባለሙያ እጇን ታጥባ አዲስ ጓንት አጠለቀች።

«ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ።»

ቀጮ እስከ አያቷ ድረስ ጥርት አድርጋ ተናገረች፤ ሳትጠየቅ ዕድሜዋንም ጨመረች። ከዚያ የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች።