ከዓሣው ጎን የመጣው ሬሳ

የሽባባው ሬሳ ከባሕር ዳር ዳንግላ የገባው በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ በፌስታል ከተቋጠረ የተረፈ ጥብስ ዓሣ ጎን ተጋድሞ ነው። ገናዦቹ ማጅራቱ ላይ የጣት ምልክት አይተው ፖሊስ ጠሩ። ኢንስፔክተር ሃጀር ሚኒባሱን ስትከፍት የዓሣው ሽታ ተቀበላትና ሻሿን ወደ አፍንጫዋ ሳበች።

ሽባባው ከሸሪኩ ጋር በከፈተው ወፍጮ ቤት በርበሬ እያስፈጨ ይሸጥ ነበር። ጣና ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ለመዝናናት ማልዶ የሄደው ከሚስቱ ከእመቤት፣ ከሸሪኩ ከአወቀና ከሹፌሩ ከይኸነው ጋር ነው።

«እኔ በስልክ ሳወራ እሱን ዳር ላይ አዳለጠው» አለ አወቀ። «ስልኬን መሬት ወርውሬ ከነልብሴ ገባሁ። አልደረስኩበትም።»

«ስልኩን ከመሬት ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች እመቤት።

ሃጀር ስልኩን አገላበጠችው። ነጭ የጨርቅ ልባሱ ንጹሕ ነው። የሟቹ ጫማ ግን እስከ ማሰሪያው ድረስ ጥቁር ጭቃ ለብሷል።

ሹፌሩን ለብቻው ጠየቀችው።

«እኔና እመቤት ዓሣ እየጠበስን ነበር» አለ ይኸነው። «አወቀ ወደ ውሃው ሳይወርድ ስልኩን ‹ያዥልኝ› ብሎ ሲሰጣት አይቻለሁ። ጩኸቱን የሰማነው በኋላ ነው።»

«ሽባባውና አወቀ ተጣልተው ነበር?»

«መንገድ ላይ ሽባባው ‹ነገ ሄጄ አመለክትብሃለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። በምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ሬሳውን ካወጣችሁ በኋላስ?»

«ዓሣው ደርሶ ነበርና በላን።»

«ሬሳው አጠገብ?»

«ርቦን ነበር፣ ኢንስፔክተር።»



ወደ ማምሻው ሦስቱንም ወፍጮ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። ከተደረደሩት ጆንያዎች ከአንዱ በርበሬ ዘግና ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ላይ በተነችው። በርበሬው ሲንሳፈፍ ቀይ አፈር ከታች ዘቀጠ።

«የተፈጨ ሸክላ ቀላቅለህበታል» አለች። «ሽባባው ሊያመለክትብህ የነበረው በዚህ ነው፣ አወቀ። ጭቃ ላይ የተወረወረ ስልክ እንዲህ አይነጣም። ሰው ሲሰጥም ያየ በድንገት ይገባል፤ አንተ ግን ገና ሳትወርድ ስልክህን አስቀመጥክ። እንደምትረጥብ ታውቅ ነበር። እነዚህ ሁለቱ እሳቱ ዳር ነበሩ፤ ከሟቹ ጋር የነበርክ አንተ ብቻ ነህ። ማጅራቱን ይዘህ ውሃው ውስጥ ደፍቀኸዋል።»

አወቀ ብርጭቆውን ገፋ አደረገው። «አገሩ ሁሉ ስንት ጊዜ በልቶታል» አለ። «ማን ሞተ?»

ሃጀር ወደ እመቤት ዞረች። «አንቺስ ከመሬት አነሳሁት ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ባሌ አንዴ ሞቷል» አለች እመቤት ነጠላዋን እያስተካከለች። «አወቀም ከታሰረ ወፍጮው ይዘጋል ብዬ ነው።»

ሃጀር ልትይዛት የዘረጋችውን እጅ ተጸይፋ መልሳ ሰበሰበች። አብሯት የመጣው ፖሊስ እሷንም አወቀንም እንዲይዝ በአገጯ ጠቆመችው።