መሪ ላይ ነኝ

«ምን በድዬሽ ነው? ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ ያደረግሽኝ?» አለ ሾፌሩ ልጁን፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። «ጎረቤት ሁሉ ቆሞ አፈር ሲያለብሳት እኔ ባሏ የለሁም። በስም እንኳ የማታውቃት ሴትዮ አልቅሳላታለች። እኔ የሰማሁት ከማን ነው? መንገድ ላይ፣ ከማላውቀው ሰው። ነፍስ ይማር ብሎኝ አለፈ። ማንን ነው የሚለኝ ብዬ ዞሬ አየሁት።»

«ተው እንጂ አንተ ሰው» አለ የሟቿ ወንድም፣ ከአግዳሚው ሳይነሳ። «ለቀስተኛ ፊት ነን።»

«ለቀስተኛውም ይስማ። ይቺን ልጅ አሳድጌ ያተረፍኩትን ሁሉም ይወቅልኝ። ከዛሬ ወዲያ አባቴ ብትለኝ አልሰማትም።»

ልጅቷ ባዶ ኩባያ የተደረደረበትን ትሪ በሁለት እጇ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆማለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ልብስ ሰፊ ቤት ስትሠራ መርፌ የበሳሳቸው ጣቶቿ ትሪውን ጨምድደው ይዘዋል። አሁን ቀና አለች።

«አንተ ነህ ያልከው፣ አባዬ። መሪ ላይ እያለሁ ክፉ ነገር አትንገሩኝ ያልከው አንተ ነህ።»

«የእናትሽ ሞትም?»

«እሱንም ለይተህ አላወጣኸውም።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አጎቷ ወለሉን ማየት ጀመረ፤ ሕጉን እሱም ያውቀዋልና።

ሕጉ የወጣው ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት ሳለች ነው። ሾፌሩ ሳቂታው የሚሉት ጓደኛ ነበረው። ከቀልዱ በፊት ሳቁ የሚቀድም፣ በየመንገዱ የሚወደድ ሰው። ሁለቱም የሚነዱት ያንኑ ግድግዳ የሌለው፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ረጅም መኪና ነው፤ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የድልድይ ምሰሶ ይጭናሉ። አንድ ቀን ተከታትለው ቁልቁለት ሲወርዱ የሳቂታው ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ነበረች፤ ልጃችን ትኩሳቱ በረታበት፣ ራሱን ስቷል አለችው። ሳቂታው ከዚያ ወዲያ ሾፌር መሆኑ ቀረ፣ አባት ብቻ ሆነ። መኪናውን በፍጥነት ለቀቀው። ኩርባው ላይ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው በሰንሰለት የታሰረው ብረት ሰንሰለቱን በጥሶ፣ የጋቢናውን ጀርባ ሰንጥቆ መጣ... ከኋላ ይከተል የነበረው ወዳጁ ነው ሬሳውን ያወጣው። የልጁ ትኩሳት ግን በማግስቱ ለቀቀው።

ሾፌሩ ከዚያ መንገድ ሲመለስ እህል አልቀመሰም። ሚስቱንና ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ «ስቆም ጠይቁኝ፣ ስቆም ንገሩኝ። መሪ ላይ ከሆንኩ ግን ቤቱ ቢቃጠልም ሰላም ነን በሉኝ» አላቸው። ማሉለት። ማን በዚህ ይፈርድበታል? የዚያን ቀን ፍርሃቱ እውነተኛ ፍርሃት ነበር።

ሥራውም ቢሆን ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጭነት ከታሰረ በኋላ ጥቂት ተጉዞ ይቆምና ሰንሰለቱ እንደገና ይጠበቃል፤ ብረት መንገድ ሲነካ ይረጋል፣ ሰንሰለቱ ይላላል። ጭነቱን የሸፈነው ሸራ በንፋስ ሲጮህ ይወረዳል፣ ይታሰራል፣ ይወጣል። ሚዛን ላይ ወረፋ፣ ኬላ ላይ ወረፋ፣ ጫኝ ደጃፍ ላይ ወረፋ። ምሳ በቁም፣ እንቅልፍ በጋቢና፣ ጉልበት ተጣጥፎ። ወገቡ ከሄደ ቆይቷል። ቤት ሲመጣ ሁለት ቀን እንደ እንጨት ይተኛል፤ ሚስቱ ግሪስ የጠጣ ልብሱን ትዘፈዝፋለች፤ ከአልጋቸው በላይ የሚያፈሰውን ጣራ ታሳየዋለች። «ስመለስ» ይላል። የሰው ቆርቆሮ በየከተማው ሲያራግፍ የኖረ ሰው የራሱን ጣራ «ስመለስ» እያለ ዓመት አለፈ። ሚስቱም ባልዲውን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ እያዛወረች ኖረች።

ሚስቱ በሞተችበት ክረምት ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው ሲል ቤት አልመጣም። በዚያው ክረምት በሚስቱ ሆድ ውስጥ የወጣውን እብጠት ሐኪም አየው፤ ካየውም በኋላ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቶ አነጋገራት። አጎቷ ልደውልለት ሲል ሕመምተኛዋ ከትራሷ ቀና ብላ ተቆጣች። «ገደል እንዲገባልህ ነው? ሲቆም ትነግረዋለች። ልጄ ታውቃለች።»

ልጅቷ ታውቅ ነበር። በየቀኑ ትደውላለች።

«አባዬ፣ መሪ ላይ ነህ?»

«መሪ ላይ ነኝ ልጄ። ሰላም ናችሁ?»

«ሰላም ነን።»

እና ይዘጋል። ጠዋት ብትደውል መሪ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ ብትደውል መሪ ላይ ነው። ይህ ሰው መቼ ነው የሚበላው? መቼ ነው የሚተኛው? ልጅቷ ታዝንለት ነበር። አባቴ ለእኛ ሲል ሰውነቱ አለቀ እያለች ልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ ላይ አቀርቅራ ታለቅስለት ነበር።

ከመሞቷ በፊት ባለው ቀን እናቷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና «አሁን ጥሪው» አለቻት። «ሕጉ ይቅር። ልየው።»

ልጅቷ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሕጉ ይቅር ተብላለች፤ ግን ሕጉ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ምላሷ በልማዱ ሄደ። «አባዬ፣ መሪ ላይ ነህ?»

«ቁልቁለት ላይ ነኝ ልጄ፣ ኋላ።»

ከጀርባው የሰው ሳቅ ሰማች። ሬዲዮ መሰላት። ልትናገር ስትል ዘጋው። ደግማ ደወለች፤ አላነሳም። ቁልቁለቱ፣ ከኋላው የተከመረው ብረት፣ የሳቂታው ጋቢና ታያት። ከዚህ በላይ እንዴት ትደውል? ሁለቱንም በአንድ ቀን ብትቀብርስ? ስልኩን ኪሷ ከትታ ተመለሰች።

«ምን አለሽ?»

«እየመጣሁ ነው አለ፣ እማዬ።»

የእናቲቱ ፊት በራ። «እንዲህ ሆኜ ሊያየኝ ነው?» አለች። «ነይ፣ ፀጉሬን አበጥሪልኝ።» ልጅቷ አበጠረችላት። ፀጉሩ ከማበጠሪያው ጋር እየተነቀለ ይመጣል፤ እናቷ እንዳታየው በመዳፏ እየጠቀለለች ኪሷ ትጨምረዋለች። እናቷ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እግር በተሰማ ቁጥር ዓይኗን ትገልጣለች... ነርሷ ናት። ጽዳት ሠራተኛው ነው። የሌላ ሰው ጠያቂ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዓይኗ በሩ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ ቤት ሲገባ እንነግረዋለን የተባለውም የአጎትየው ምክር ነበር።

ልጅቷ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ፣ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ሳለች ነው የሾፌሮች ጫማ ደጃፉ ላይ የተሰማው። ብረት የሚያመላልሱ የአባቷ ጓደኞች ናቸው። ከፊት ያለው ሽማግሌ አንደኛ ማርሽ ይባላል፤ ሲነዳም ሲናገርም አይቸኩልም። ተራ በተራ ሳሟቸው። አንደኛ ማርሽ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ጉልበቱን ያዘው።

«እግዜር ያጽናህ። ምን ይባላል እንግዲህ» አለ። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞረ። «እኔን የሚያንገበግበኝ በሞተችበት ዋዜማ ቅርብ እኮ ነበርን። የብረት ፋብሪካው ደጃፍ ቆመን ጭነት እየጠበቅን። ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆን ነው። ወረፋህን እኔ ልያዝልህ፣ ሂድና ቤትህን አይተህ ና አልኩት። ልጄ አሁን ደውላልኝ ነበር፣ ሰላም ናቸው አለኝ። ካርታ እያካፈለ ነበር። እግዜር ሳይለው ቀርቶ ነው እንጂ... ምን ያድርግ?»

ሾፌሩ የሽማግሌውን እጅ ከጉልበቱ ላይ ሊያነሳ ሞከረ። አንደኛ ማርሽ ግን ሐዘን መስሎት ይበልጥ አጥብቆ ያዘው።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ። ድምጿ የሷ አይመስልም። «ያን ቀን ስደውልለት... መኪናው ቆሞ ነበር?»

«መኪናውማ ሳምንቱን ሙሉ ጎማው አልተንቀሳቀሰም፣ ልጄ። ድመት ወልዳበት ነበር ስልሽ።»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅና በሳል መካከል የሆነ ድምፅ አሰማና አፉን ያዘ። ልጅቷ አባቷን አየችው። እሱ ወደ እሷ አላየም።

«የጣራውን ነገር ልታነሺብኝ መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ስትደውሉ ሁልጊዜ አንድ ነገር አይጠፋም። ጣራው፣ ቧንቧው፣ መቼ ትመጣለህ... ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። መሪ ላይ ነኝ ካልኩ ማንም ምንም አይለኝም። ትንሽ ሰላም ፈልጌ ነው።»

«ክረምቱን ሁሉ?»

የሽማግሌውን እጅ ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

«ፀጉሯን አበጥሬላት ነበር» አለች። «ትመጣለህ ብዬ ነግሬያት ነበር።»

ይህን ሲሰማ ሾፌሩ ከአግዳሚው ወደ ወለሉ ተንሸራተተ። ያ ከባድ ብረት በትከሻው ሲገፋ የኖረ ሰው እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ አለቀሰ። ዕድል ይህን ሰው ከገደሉ አወጣው፣ ከፍሬኑ ጠበቀው፣ ከጀርባው ከተከመረው ብረት ሁሉ አተረፈው። ለምን ይሆን ያተረፈው? ለዚህ ወለል? ሴቶቹ አብረው አነቡ። ወንዶቹ ተረባርበው አነሱት፤ አንዱ ውኃ ያጠጣዋል፣ አንዱ ጀርባውን ይደባብሰዋል። ከእንግዲህ መሪ አልይዝም፣ እቤቴ እቀመጣለሁ፣ ጣራውን ነገ እሠራለሁ፣ ከልጄ ጋር እኖራለሁ ይላል። አይዞህ ይሉታል። እውነቱን ነው ይላሉ። ልጅ ናት፣ ይበርድላታል፣ የአባት ሆድ ምን ጊዜም አንድ ነው ይሉታል። አጎቷ የቆርቆሮ ሠሪ አውቃለሁ አለ። አንደኛ ማርሽ፣ ምን እንዳደረገ አሁንም ሳይገባው፣ ምስማሩን እኔ እችላለሁ አለ። ስለ ጣራ ወሬው ደራ፤ ከላይ ይጀመር ወይስ ማገሩ ይፈተሽ በሚለው ተከራከሩ።

ልጅቷ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወደ ጓዳ ገብታ ጥቂት ቆየች። ስትወጣ ልብስ ሰፊ ቤት የምትይዛትን የጨርቅ ቦርሳ አንግታለች፤ ቦርሳዋ በልብስ ከወትሮው ትንሽ ሞላ ብላለች። ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ሾፌሩ አዙረው ስለተቀመጡ በአግዳሚዎቹ ጀርባ ማለፍ ነበረባት። አንዲት ሴትዮ እንድታልፍ እግሯን ሰበሰበችላት፤ ወሬዋን ግን አላቋረጠችም። በሩ ላይ ጫማዋን ከጫማዎቹ መሐል ፈልጋ አደረገች፣ ደጃፉ ላይ የወደቀውን የአንዱን ሾፌር ባርኔጣ አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ወጣች።