ነጩ አጎበር

«ፍቺው!» አለች ሜቲ። «አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ ፍቺው!»

«አብደሻል እንዴ? ነገ እኮ ነው የክበባት ቀን።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

ሚልካ ጉርዱን ከአልጋው ላይ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ነጭና ስስ ነው፤ ድርብርብ ሆኖ ስለተሸበሸበ ሲያቅፉት የታቀፈው አየር ይመስላል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን የሜቲ አጎበር ነበር። ሁለቱ አዳማ ውስጥ አንድ ግቢ፣ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮም አብረው ተምረዋል። ክረምቱ ሲወጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለየቤቱ አጎበር ስታድል ለነሚልካ ሰማያዊ፣ ለነሜቲ ነጭ ደረሳቸው።

«ትርፍ አለን ብለሽኝ ነበር» አለች ሜቲ። ድምጿ ዝቅ አለ፤ ይህ ከጩኸቱ ባሰ። «‹ሳጥን ውስጥ አዲስ አለ፣ ነገ አመጣልሻለሁ› አላልሽም? ሁልጊዜ ነገ! እኔ ሞኟ ደግሞ ‹ተቀዶብኝ ሚልካ እየሰፋችልኝ ነው› እያልኩ እናቴን እዋሻለሁ።»

«ረስቼው ነው።»

አልረሳችም። ሳጥኑ ውስጥ አጎበር ኖሮ አያውቅም።

«ፈዬራ ዛሬ ጤና ጣቢያ ለምርመራ ደም ሰጠ» አለች ሜቲ። «ወባ ነው አሉ።»

ፈዬራ ትንሹ ወንድሟ ነው። ገና ትምህርት ቤት አልገባም፤ የሚተኛውም ከእሷ ጋር ነው።  ለሚልካ የመጣላት መልስ ባይመጣላት የሚሻል ነበር።

«ወባ እኮ የትም ይይዛል። በአጎበሩ ምክንያት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሜቲ ትክ ብላ አየቻት። አናቷ ላይ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለውን ጸጉር፣ ደረቷ ላይ ተላልፎ ወገቧ ላይ የታሰረውን ሹራብ፣ ጠፍጣፋውን ጫማ፣ ሁሉንም በየተራ አየች።

«በይ ደንሺ፣ ባሌሪና» ብላ ወጣች።

ስሙን ያወጡላት የክፍል ልጆች ናቸው፤ የባሌት ደናሽ ማለታቸው ነው። ሚልካ ባሌት የሚባለውን፣ በእግር ጣት ጫፍ የሚደነሰውን የፈረንጅ ዳንስ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ያገኘችው ስልኳ ላይ ነው። ድሮ ደናሾቹ መሬት የሚጠርግ ከባድ ቀሚስና ተረከዝ ያለው ጫማ ይለብሱ እንደነበር አነበበች። አንዷ የእግሯ ሥራ እንዲታይላት ቀሚሷን ብታሳጥረው ተመልካቹ ጉድ አለ። ከዚያ ተረከዙ ቀረ፤ ስሱ ጉርድ መጣ። ኋላም ደንሰው የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ ጠፍጣፋውን ጫማና ተላልፎ የሚታሰረውን ሹራብ መንገድ ላይ ያደርጉት ጀመር። ሚልካም ሹራቡን ቦንዳ ተራ ከልባሽ ክምር ውስጥ ፈልጋ አገኘችው፤ ጸጉሯን ያለ መስታወት መጠቅለል ለመደች። ወር ሳይሞላ የክፍሉ ሴቶች ግማሾቹ እንደሷ መጠቅለል ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ ገባች ወጣች የሚላት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አዳራሹ በሙቀት ታፍኗል። የሥነ ጥበብ ክበቡ ኃላፊ መምህር ሙሉብርሃን መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። «ከክራሩ ቀጥሎ የእኛ ክበብ ነው፤ ተዘጋጁ» ብለው ወደ ድምፅ ማጉያው ሮጡ።

«በናትሽ ሲያልቅ ታውሺኛለሽ!» አለች የክበቡ ጓደኛዋ ሊዲ፤ የጉርዱን ጫፍ በጣቶቿ እያሻሸች። «እንዴት ነው እንዲህ የነጣው?»

«በበረኪና ደጋግሜ አጠብኩት። መጀመሪያ መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ነበር።»

«ወይኔ፣ አሪፍ ነው በቃ!»

ሚልካ ወረቀቷን ገልጣ የምታነበውን በለሆሳስ መለማመድ ጀመረች። «በዚያ ዘመን መድረኩ የሚበራው በጋዝ መብራት ነበር። ስሱ ጉርድ እሳት ከነካው ይነድዳል። ስለዚህ ጨርቁን እሳት በሚከላከል መድኃኒት መንከር ተጀመረ። ነገር ግን መድኃኒቱ ጨርቁን ስለሚያደርቀውና ንጣቱን ስለሚያደበዝዘው አንዳንዶቹ ደናሾች ያልተነከረውን ለብሰው...»

ይህን ቦታ ትወደው ነበር። ክፍል ውስጥ ስታነበው ሁሉም ጸጥ ያለላት እዚህ ጋ ነው። አሁን ግን እዚያው ላይ አቆመች። አጎበሩን ያደለችው ሠራተኛ በር ላይ ቆማ «በበረኪና እንዳታጥቡት፣ መድኃኒቱ ይለቃል» ያለችው ትዝ አላት። ያኔ ሜቲም አጠገቧ ቆማ ነበር። ጉርዱ ተፈትቶ መልሶ ቢሰፋ እንኳ የሚገኘው አጎበር አይሆንም፤ ነጭ ጨርቅ ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ክራሩ ሊያበቃ ተቃረበ። ሚልካ ከዩኒፎርም ሱሪዋ ላይ የደረበችውን ጉርድ ፈታች።

«ሊዲ፣ ልበሺው። ጽሑፉንም አንቺ አንብቢው።»

«የምርሽን ነው? አትቀልጂ!» ሊዲ ወገቧ ላይ እያሰረች መስታወት ፍለጋ ዞረች።

አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ሚልካ በጓሮ በር ወጥታ ባጃጅ ያዘች።

ቤት ስትደርስ ማንም አልነበረም። አልጋዋ ላይ ቆማ ሰማያዊውን አጎበር ከየምስማሩ ፈታችው። ያን ሁሉ ሌሊት ከሥሩ ተኝታለች። ማታ እናቷ «የት ሄደ?» ስትላት የምትመልሰውን አሰበች፤ ከእውነቱ ሌላ ምንም አልመጣላትም።

የሜቲ በር ገርበብ ብሏል። ሜቲ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በነከረችው ጨርቅ የፈዬራን ግንባር ትጠርጋለች። ሚልካ በርጩማ ላይ ወጥታ የሰማያዊውን አጎበር ገመዶች ከአልጋው በላይ አንድ በአንድ አሰረች። 

«ትርፍ አልነበረንም» አለች። «ዋሽቼሽ ነው። ይሄኛው የእኔ ነው፤ በበረኪና አልታጠበም።»

ሜቲ ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ነከረች።

ፈዬራ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ከላዩ የተዘረጋውን አየ። «ነጩስ?» አለ።

 ሚልካ የአጎበሩን ጠርዝ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ወተፈች፤ ሜቲ በተቀመጠችበት በኩል ያለውን ብቻ ተወችው። ጫማዋን ከደጃፉ አንስታ በእጇ ያዘች። ሜቲ ጨርቁን ጨምቃ የአጎበሩን ጫፍ ገለጥ አደረገችና እጇን ወደ ወንድሟ ግንባር ሰደደች።

ሚልካ በሩን ቀስ ብላ እንደነበረው ገርበብ አድርጋ ሄደች።