ያልተኳለ ዓይን

ኑኑ ስትሞት የሁለቱም ዓይኖቿ ዙሪያ ጠቁሮ ነበር። ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ነው። ሐሙስ ጠዋት አፍንጫዋ ደማ፤ ደሙ አልቆም አለ፤ ከዚያ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ዝም አለች። አምቡላንስ መጥቶ አጅማን ከተማ፣ አል ራሺዲያ ሰፈር ከሚኖሩበት ሕንፃ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አልጋ የሚገፋው ሰውዬ ፊቷን አይቶ በዐረብኛ፣ «ይቺን ልጅ ማን መታት?» አለ። ሌላ ማንም ምንም አላለም። ያቺ አንዲት ጥያቄ ግን በሕንፃው ስድስት ፎቅ ወጥታ ወርዳ፣ እስከ አርብ ጠዋት መልስ አግኝታ ነበር። መልሱ ልጅቷን የምትጠብቀው የሺአረግ ነበረች።

የኑኑ አጎት ፉአድ በዚያው አርብ ለዘሀራ የደወለላት ለቅሶ እንድትደርስ አይደለም፤ ዐረብኛ ስለምትችል ነው። አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ተይዟል። ፖሊሱ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ቤት ድረስ መጥቶ ቃል ይቀበላል። ፉአድ ቃሉን አዘጋጅቶ በር ላይ ጠበቃት።

«ቀን ቀን የምትይዛት ሴትዮ ደብድባ ገድላታለች። ይህችን ብቻ ነው የምትነግሪልኝ፣ እትዬ ዘሀራ።»

«ስትደበድባት አይተሃል?»

«ዓይኗን አይቻለሁ።»

«እኔ ያላየሁትን አልተረጉምም» አለችና ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ዘሀራ የከሚሴ ልጅ ናት። ዱባይ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ላይ ወለል መወልወል ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዐረብኛውን ከማዳሞቿ፣ እንግሊዝኛውን ከነርሶች አገኘችው፤ የቀረውን ጆሮዋ ሰጣት። መወልወያ በያዘች ሴት ፊት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው የለም።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሦስት ተደራራቢ አልጋ ቆሞበታል፤ ቢድ ስፔስ የሚሉት እያንዳንዱ የኪራይ መኝታ በመጋረጃ ተከልሏል። በስተቀኝ ከታች ያለው አልጋ የሁለት ሰው ነው፤ ማታ የሰሚያ፣ ቀን የሊሊ። የኑኑ እናት ሰሚያ ዱባይ ማሪና አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ሳይነጋ በኩባንያው አውቶቡስ ትወጣና ሲመሽ ትመለሳለች። ሊሊ አል ሪጋ ካፌ ውስጥ ስታስተናግድ አድራ ጠዋት ትመጣለች። ሁለቱ የሚገናኙት ደረጃ ላይ ነው። ከላይ ያለው አልጋ የየሺአረግ ነው። ቪዛዋ ካለፈ ዓመት ሆኗታል፤ ውጭ መሥራት ስለማትችል ልጅ ትጠብቃለች።

የሺአረግ ኩሽና ውስጥ ቆማ ነበር። ሻንጣዋን ሌሎች በር ላይ አውጥተውላታል።

«ለምን አልሸሸሽም?» አለቻት ዘሀራ።

«የት? ደግሞ ብሸሽ ገድላ ሸሸች ይሉኛል።»

«እሱስ ልክ ነሽ። መትተሻታል?»

«አልመታኋትም።»

«ዓይኗ መጥቆሩን መቼ አየሽ?»

«ኩል መስሎኝ ነበር። እናቷ ለአርብ የምትኩላት። ሳጥባት አልለቅ አለኝ፤ ከመካ የሚመጣው ኩል ጠንካራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የሰው ልጅ ነች፣ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም፤ ለምን ኳልሻት እላለሁ?»

«ስታጥቢያት ሌላ ምን አየሽ?»

የሺአረግ እጇን በግራ ጎኗ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ በታች አደረገች። «እዚህ ጋ ጠጣር ነገር ነበራት። ኮሶ ነው ብዬ የትል መድኃኒት ከፋርማሲ ገዛሁላት። ለእናቷ አልነገርኩም። ምን አብልተሻት ነው እንዳትለኝ ፈራሁ።»

ሊሊ አልተኛችም። ለሥራ የተቀባችውን የፊት ቀለም እንኳ ሳታጥብ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ኩል ነው ያልሽው አንቺም?» አለቻት ዘሀራ።

«የሺ ከኔ ቦርሳ እየሰረቀች የምትኩላት መስሎኝ ቦርሳዬን መቆለፍ ጀመርኩ። ያውም ኩል የለኝም፤ የኔ የዓይን እርሳስ ነው፣ ቡናማ።»

«አሳይኝ።»

አሳየቻት። ቡናማ ነበር።

«ልጅቷስ እንዴት ነበረች?»

«ሞልቃቃ። ድሮ እኔ ስተኛ ዙሪያዬን ትሮጥ ነበር። ከዛ ዕቀፉኝ ብቻ ሆነ ነገሯ። መሬት ካስነኳት ታለቅሳለች። ዋላሂ አንድ ቀን ዝም በይ ብዬ ጮኼባታለሁ። እንቅልፌን አጥቼ።»

ሰሚያ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ሰው ሲገባ ቀና ብላ ታያለች፤ ከዚያ እጇን ታያለች። ዘሀራ አጠገቧ ተቀመጠችና ስልኳን ጠየቀቻት። ሰሚያ የዕረፍት ቀኗ አርብ ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ልጇን ፎቶ አንስታ ወሎ ለቤተሰብ ትልካለች። ዘሀራ አርቦቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄደችባቸው። ከአምስት አርብ በፊት ዓይኑ ንጹሕ ነው። ከሦስት አርብ በፊት በሁለቱም የዓይን ቆብ ላይ ስስ ጥላ አለ። በሚቀጥለው ጥላው ጠቁሯል። ባለፈው አርብ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ግራው ዓይን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ብሏል። ከሥሩ አክስቷ፣ «ማሻአላህ፣ ኩሉ እንዴት አምሮባታል» ብላ ጽፋለች።

«አንቺ ነሽ የኳልሻት?»

«ኩል ይዤ አልመጣሁም። የሺአረግ ነች ብዬ። ለአርቤ ልታሳምርልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ሌሊት እንዴት ትተኛ ነበር?»

«ያልባታል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ሽሮፕ ሳጠጣት ይሄዳል። ክፍሉ ታፍኖ ነው እላለሁ። ሥራ አለብኝ፣ በአሥር ተኩል አውቶቡሱ ይሄዳል።»

የኑኑ ትንሽ ትራስ እዚያው ነበረች። የትራሷ ልብስ ሆቴሉ ካወጣው አሮጌ አንሶላ የተሰፋ፣ ነጭ ነው። ሰሚያ ከሐሙስ ወዲህ ማንም እንዲያጥበው አልፈቀደችም። ዘሀራ ወደ መብራቱ አስጠግታ ገለባበጠችው። የምራቅ ቀለበት፣ የማንጎ ጭማቂ፣ ከሐሙስ የቀረ ደም። ሌላ ምንም የለም። መልሳ አስቀመጠችው።

ፉአድን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«አንተ ስንት ጊዜ ታያታለህ?»

«አርብ አርብ። ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ እወስዳቸዋለሁ።»

«ባለፈው አርብስ?»

«ጫማ ገዛሁላት።»

«አደረገችው?»

ፉአድ ግድግዳውን አየ። ዘሀራ አልቸኮለችም።

«አልሄድም አለች» አለ በመጨረሻ። «ሰው ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። እግሯን መታኋት። በእጄ። አንዴ ነው።»

«ለዚህ ነው ሌላ የመታት ሰው የፈለግከው?»



አሱር ሲቃረብ ዘሀራ አራቱንም ወደ ክፍሉ ጠርታ ያን የሁለት ሰው አልጋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የሺአረግ ጫፍ ላይ፣ ግማሽ ተቀምጣ ግማሽ ቆማ ነበር።

«አራታችሁ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?»

ሊሊ፣ «መቼ ተገናኝተን?» አለች።

«እሺ። እንግዲያው ከኩሉ እንጀምር። ሰሚያ የሺ ናት አለች። የሺ ሰሚያ ናት አለች። ሊሊ፣ ከኔ ቦርሳ ነው አለች፤ ቦርሳው ውስጥ ኩል የለም። ኩል ያለው ሰው እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም።

«ኩል የተኳለ ልጅ ተኝቶ ሲነሳ ትራሱ ይጠቁራል። ይኸውና ትራሷ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህችን ልጅ የኳላት ሰው የለም።»

«ተመታች ማለት ነው፤ እኔስ ምን አልኩ?» አለ ፉአድ።

«ስልኩን ያዝና አርቦቹን ተመልከት። እኔ ሦስት ዓመት ሻርጃ በአንዲት ማዳም ቤት ኖሬያለሁ፤ የብልዝን ቀለም ማንም አያስተምረኝም። ሰው ሲመታህ አንዱ ዓይን ይብሳል፣ ጉንጭህም ያብጣል። ቀለሙ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቢጫ ይሆናል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። ይኼ ሁለቱንም እኩል ያዘ፤ ጉንጯን አልነካም፤ በየሳምንቱ ባሰበት። ከውጭ አይደለም የመጣው። ከውስጥ ነው።»

ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር ቀጠለች። «የምወለውለው አራተኛ ፎቅ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነው። ሐኪሙ ተማሪዎቹን አልጋው ዙሪያ ሰብስቦ ያስረዳል፣ እኔ እግራቸው ሥር እወለውላለሁ። ይህን ዓይን አራት ልጆች ላይ አይቻለሁ። ከነርቭ ሕዋስ የሚነሳ ካንሰር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ውስጥ፣ ከኩላሊት በላይ ይጀምራል። የሺ በእጇ የዳሰሰችው እሱን ነው። ከዚያ በደም ይሰራጫል፤ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሊሊ ሞልቃቃ ያለቻት እግሯ አሟት ነው። መቅኒውን ሲሞላው ደም መሥራት ያቆማል፤ ሰሚያ በሽሮፕ ያበረደችው ትኩሳት እሱ ነው፣ ሐሙስ ያልቆመውም ደም እሱ ነው። ከዓይን ጀርባ ያለው አጥንት ጋ ሲደርስ ደም በዓይን ዙሪያ ይቋጥራል። ያ ነው ኩላችሁ።»

ፉአድ እጁን ጭኑ ሥር አስገባ።

«ያንተ ጥፊ አልገደላትም» አለችው። «የማትችለውን እንድትሄድ ስለመታሃት ግን እኔ የምልህ የለኝም። እዚህ ቤት ሁሉም ምልክት ታይቷል። ሆዱን የነካችው እግሩን አላወቀችም፤ ላቡን የጠረገችው ሆዱን አላወቀችም። አንድ አልጋ ላይ ተኝታችሁ አንድ ቀን አልተነጋገራችሁም። ሌላ ገዳይ ፈልጌ አላገኘሁም።»

ሰሚያ ቀና አለች።

«ቀደም ብዬ ብወስዳት ትድን ነበር?»

ሊሊ የዘሀራን ክንድ ነካች፤ ውሸት እንድትናገር ነበር። ዘሀራ ክንዷን አነሳች።

«ሕፃን ሆና ቢገኝባት፣ ከዓመት ተኩል በታች፣ ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ተሰራጭቶም ጭምር። ሳይሰራጭ የተገኘበትም ይድናል። በሷ ዕድሜ አጥንት ከገባ በኋላ ግን፣ ያ ሁሉ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ከሁለት ልጅ አንዱ ነው የሚተርፈው።»

«ሳይሰራጭስ ማወቅ ይቻላል?»

«ያኔ ልጅ ይጫወታል፣ ይበላል። አራተኛ ፎቅ ከሚመጡት ብዙዎቹ ከተሰራጨ በኋላ ነው የሚመጡት። የሐኪም ልጅም አይቻለሁ።»

«ከሁለት አንዱ» አለች ሰሚያ።

በሩ ተንኳኳ። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ ጫማውን ማውለቅ አለማውለቁን ሲያመነታ ደጃፍ ላይ ቀረ። ልጅቷን ማን እንደሚጠብቃት ጠየቀ። ፉአድ አፉን ከፈተና ዘጋው። የሺአረግ ተነሳች። ሰሚያ ግን ቀድማት በሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ አስተርጓሚዋንም አልጠበቀችም። ወለል እየጠረገች በለቀመችው ዐረብኛ፣ «ማፊ ደርብ» አለችው። መምታት የለም። ሆዷን አሳየችው፣ እግሯን አሳየችው፣ በመጨረሻ ሁለት ጣቷን ዓይኖቿ ሥር አደረገች።

ፖሊሱ የአስከሬን ምርመራውን ወረቀት ገለጠና አነበበ። ይህን ዘሀራ ቃል በቃል ተረጎመችው። ከግራ ኩላሊት በላይ ዕጢ ተገኝቷል፤ ዓይነቱ ተመሳሳይ የሆነ በጭንቅላትና በእግር አጥንት ውስጥም አለ፤ የምት ምልክት የለም፤ ሐኪሙ ልጅቷ ከዚህ በፊት የት ስትታከም እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል።

«የትም» አለች ሰሚያ።

ጻፈ። በር ላይ ያለውን ሻንጣ አየ፤ የማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ሄደ። ፉአድ ከኋላው ወጣ፤ ተመልሶ ሻንጣውን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ማንንም ሳያይ ደግሞ ወጣ። ሊሊ የሥራ ሰዓቷ ቢደርስም አልተነቃነቀችም።

ሰሚያ ተመልሳ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ለየሺአረግ ቦታ ለቀቀችላት።

«ቀን ቀን ምን ትሠራ ነበር?»

«ማን?»

«ኑኑ። እኔ የማውቃት አርብ አርብ ነው። የቀሩትን ቀኖች ንገሪኝ። ከሰኞ ጀምሪ።»

ዘሀራ በሩ ጋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያደረገች ነበር።

«ሰኞ ጠዋት» አለች የሺአረግ፣ «መጀመሪያ የሊሊን ጫማ ታደርጋለች። ያንን ተረከዘ ረጅሙን። ከዚያ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ትሄድበታለች።»