መርዶውን ለማሽን የነገርሁ ዕለት

ሙት ተነሣ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማታ ስንት ጠርሙስ እንደ ጨረሰ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርሁ፣ በልጅነቴ እናቴ ቀትር ላይ ወደ ሐይቁ እንዳልወርድ ስታስፈራራኝ እንኳ የምፈራው ጋኔኑን ሳይሆን አርጩሜዋን ነበር። አሁን የማጫውታችሁን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር፣ እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሥራዬን ካልነገርኋችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ እኔና ትዕግሥት የምትባል ባልደረባዬ የጣና ጀልባዎችን ድረ ገጽ እንሠራለን። ጀልበኞቹ አንድ ዳር ሲደርሱ ከስልካቸው አጭር መልእክት ይልካሉ፣ እህል ያስጫነ ነጋዴም ሆነ ልጁን የሚጠብቅ ቤተሰብ «እገሌ የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ ማሽኑ ራሱ ፈልጎ ይመልሳል። ታዲያ ማሽን እንደ እኔና እንደ እናንተ ነገር አይገባውም፣ «ጀማል ዘጌ ደረሰ» ብትሉት ለእሱ የፊደል ክምር ነው፣ ስለዚህ ጀማል ሰው ነው፣ ዘጌ ቦታ ነው፣ ደረሰ ማለት ሰውየውን ከቦታው የሚያገናኝ ነገር ነው እያላችሁ ለሕፃን እንደምታስረዱ አንድ በአንድ ትነግሩታላችሁ። ከእያንዳንዱ ነገር ሥር ደግሞ «ይህን ያለው ማን ነው?» የሚል ቦታ አለ፣ የተናጋሪው ስም ካልተሞላ ማሽኑ ምንም አይቀበልም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ጀማል ያልሁት ለምሳሌ ብቻ አይደለም። ጀማል እንድሪስ ሟቹ አባቱ በሠራት የእንጨት ጀልባ እህል የሚያመላልስ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ሐምሌ ላይ ከቆላ ድባ ገበያ የተገዛ ጤፍ ከሰሜኑ ዳር ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ማዕበል ያዘው፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሦስት ሳምንት ተፈለገ፣ የተገኘው አንድ ውኃ የጠጣ ጆንያ ብቻ ነው።

እናቱ እማማ ዘሃራ ሐይቁ ዳር ነው ቤታቸው። መዝገቡን ላስተካክል ብዬ ሄድሁ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው እንጂ በዚያ ሰዓት የሚኬድበት ቤት አልነበረም።

«እማማ፣ መዝገባችን ላይ በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚል ቦታ አለ» አልኋቸው።

«አለ በል» አሉኝ። «ሬሳውን አላየሁ፣ መርዶ አልተነገረኝ፣ ልጄን ምን ብለህ ነው የለም የምትልብኝ?»

«እሺ እማማ።»

«ማልልኝ።»

የለም ላልል ማልሁላቸው። ከዚያ ለብቻቸው እንደሚያወሩ ሆነው «ከዳር ሲደርስ ጀልባዋን በመቅዘፊያው ሦስቴ ይመታታል፣ መጥቻለሁ እሳት አንድጂ ማለቱ ነው፣ አባቱም እንዲያው ነበር፣ ሦስቱን ሳልሰማ እኔ ጎኔን አላሳርፍም» አሉ። እኔም «በሕይወት አለ» ብዬ ሞላሁ፣ ያለው፦ ዘሃራ፣ እናቱ።

የመርዶን ነገር ታውቁታላችሁ፣ አገር ሁሉ ቢያውቅም ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው እስኪናገሩ ድረስ ለቤተሰቡ ሰው አልሞተም፣ የሚያውቅም አያውቅም፣ ወሬ ቀድሞ ያመለጠው ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይወቀሳል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፍለጋው ማብቃቱን አይተው መርዶውን ለዓርብ ቆርጠው ነበር።

የዚያው ሳምንት ሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ኮምፒውተሬን ልዘጋ ስል አንድ አዲስ መስመር አየሁ። «ጀማል እንድሪስ፣ ደረሰ፣ ሰሜን ዳር።» መጀመሪያ የተናደድሁት በትዕግሥት ነው።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አልኋት።

«እኔ አልነካሁትም» አለች፣ መጥታ በትከሻዬ በኩል እያየች። «አንተው ነህ አለ ያልኸው። ያለ ሰው ደግሞ የሆነ ቦታ መኖር አለበት ብለን ሕግ ሰጥተነዋል፣ ማሽኑ ከዚያ ተነሥቶ ገምቶ ይሆናላ።»

እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ ሕግ አለን፣ ከሚያውቀው ተነሥቶ የማያውቀውን ይደርስበታል። ልቤ መለስ አለ። ግን ማሽኑ ራሱ የገመተው ነገር ሲሆን «ያለው» በሚለው ቦታ ላይ «ማሽን» ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ዝቅ ብዬ ሳይ የተጻፈው «ጀማል እንድሪስ» ነበር። ለትዕግሥት አላሳየኋትም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ በዚያው ሰዓት ደቅ ደሴት አለ። ረቡዕ ዘጌ። እመኑኝ፣ ጣናን የሚያውቅ ሰው መንገዱን አይስተውም፣ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ እኛ የሚመጣ የጀልባ መንገድ ነው። ረቡዕ ዕለት ጀማል ስልክ ላይ ደወልሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥሪ አይቀበልም ሲል የኖረ ስልክ ነው፣ ያን ቀን ግን አንድ ጊዜ ጠርቶ ተነሣ። የሰው ድምፅ አልሰማሁም። ውኃ እንጨት ላይ ቀስ እያለ ሲላተም ነው የሰማሁት፣ ከበስተጀርባው አንዲት ወፍ ነበረች፣ ከዚያ ተዘጋ። መልሼ ብደውል ጥሪ አይቀበልም አለኝ። ትዕግሥት የተሳሳተ ቁጥር ነው አለችኝ፣ እኔም እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ለእማማ ዘሃራ ልንገራቸው ወይስ አልንገር እያልሁ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። ምን ልል ነው? ልጅዎ እየመጣ ነው ብዬ በእናት አንጀት ልጫወት? ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ተውሁት።

ሐሙስ አለቃችን ከአዲስ አበባ ደወለ፣ ሥራውን ያዘዙን ሰዎች ዓርብ ጠዋት ይመለከቱታል፣ አንድም ቀይ መስመር እንዳላይ አለ። ቀይ መስመር የሚባለው ማሽኑ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ሲያገኝ የሚያወጣው ነው፣ በመዝገቡ ሁሉ የቀረው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ የጀማል። በአንድ በኩል ጀልባው ጠፍቷል ተብሏል፣ በሌላ በኩል ሰውየው በየዳሩ ይደርሳል።

ትዕግሥት ቀደም ብላ ወጥታለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል መስመሩ መጣ። ባሕር ዳር የሚል ነበር የጠበቅሁት። የመጣው ግን «ጀማል እንድሪስ፣ ደረሰ፣ እናቴ ደጅ» ይል ነበር።

እንዲህ የሚባል ቦታ በዝርዝራችን የለም። ቦታዎቹን በሙሉ በገዛ እጄ ያስገባሁ እኔ ነኝ፣ ማንም ሰው ከዝርዝሩ ውጭ ሊጽፍ አይችልም፣ «እናቴ» ብሎ የሚጽፍማ ከየት ይመጣል? ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም፣ በጣም ፈራሁ። አለቃዬም ትዝ አለኝ፣ ቀዩ መስመርም ዓይኔ ሥር ነው፣ ደግሞ ልጁ እንደሆነ ሞቷል፣ ነገ በጠዋት የሚነገር መርዶ ነው፣ በአንድ ሌሊት ምን ይለወጣል አልሁ። «በሕይወት አለ» የሚለውን ሰርዤ «ሞቷል» ብዬ ጻፍሁ። ያለው ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ደሳለኝ አልሁት፣ ስሜ ነው። ሙት አይደርስም ብሎ ማሽኑ መድረሻዎቹን ሳይቆጥር ተወ፣ ቀዩ መስመርም ጠፋ፣ እኔም ሰዓቴን አየሁ፣ ልክ አሥራ አንድ ነበር።

በማግሥቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሐጂ ሰይድ የሚባሉት የሰፈሩ ሽማግሌ «አንተም ና፣ ዘሃራ ትወድሃለች» ስላሉኝ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ ሄድሁ። ገና ከደጁ ስንደርስ እማማ ዘሃራ ጥቁር ለብሰው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በእንባ አብጧል።

«ዘሃራ፣ የመጣነው…» ብለው ሐጂ ሰይድ ጀመሩ።

«አትድከሙ» አሉ እማማ። «ትናንት ተነግሮኛል።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ማነው ቀድሞ የነገረሽ?» አሉ ሐጂ ሰይድ፣ ቁጣ ባለው ድምፅ።

«እኔስ እሱን አይደል የምጠይቃችሁ። ሰኞ ከሩቅ ሰማሁት፣ ሦስቴ። ማክሰኞ ቀረብ አለ፣ ረቡዕም ቀረብ አለ፣ እብድ እንዳትሉኝ ብዬ ዝም አልሁ። ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት እዚች ደጄ ላይ ደረሰ፣ እሳቱን አንድጄ ነበር። አንዴ መታ። ሁለቴ መታ። ሦስተኛውን ሊመታ ሲል አንድ ሰው መቅዘፊያውን ከእጁ እንደ ነጠቀው ሁሉ ቆመ። ያን ጊዜ መሞቱን አወቅሁ።» ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አዩን። «ማን ነው የተናገረብኝ?»

ሐጂ ሰይድ የእማማን አእምሮ ኀዘን ነክቶት ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ፣ የእኔ ግን ከኀዘን አልነበረም። ምን ብዬ እንደ ማልሁላቸው እሳቸው ያውቃሉ እኮ፣ እኔም አውቃለሁ።

ከለቅሶው እንደወጣሁ ቢሮ ሮጬ «ሞቷል» የሚለውን ሰረዝሁ፣ «በሕይወት አለ» ብዬ መልሼ ጻፍሁ። ያለው ማን ነው አለኝ። ማንን ልበል? እናቱ ከእንግዲህ አለ አይሉም፣ የእኔንም ስም ስጽፍለት፣ ማሽኑ ሰው ቃሉን ሲለውጥ የሰረዘውንም አይረሳምና፣ ደሳለኝ ሞቷል ብሏል፣ ደሳለኝ አለ ብሏል፣ ይጣላሉ ብሎ ቀይ መስመር አወጣብኝ። እንዳለ ተውሁት። አለቃዬ ስለዚያ ቀይ መስመር የተናገረኝን አልነግራችሁም።

የዚያን ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት አዲስ መስመር መጣ። «ጀማል እንድሪስ፣ ደረሰ፣ ሹም አቦ።» ሹም አቦ ሰፈር ነው እንጂ የጀልባ መድረሻ አይደለም። የምኖረው እዚያ ነው። ባለቤቴ ማታ ራት ስታቀርብልኝ «ዛሬ አንዱ የቆርቆሮ በራችንን አንዴ መትቶ ሄደ፣ ወጥቼ ባይ ሰው የለም፣ ደፉ ግን ረጥቧል» አለችኝ። ልጆች ይሆናሉ አልኋት።

ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ቀደም ብዬ እወጣና ቤት ሆኜ እጠብቃለሁ። በየቀኑ አንዴ ብቻ ይመታል፣ በእንጨት ነው የሚመታው፣ ድምፁ ይለያል። እማማ ዘሃራ የቀረችባቸውን ሦስተኛዋን ምት አሁንም ደጃቸው ተቀምጠው እንደሚጠብቁ ሰፈሩ ይነግረኛል፣ ሄጄ እኔ ጋ ናት ልላቸው ስንት ጊዜ ተነሣሁ፣ እግሬ አልታዘዝ አለ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከፍተህ ምን ፈለግህ በለው ትለኛለች። ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፣ የሚጠይቀኝም ያው ማሽኑ የጠየቀኝን ነው፣ ይህን ያለው ማን ነው ይለኛል። አሁን ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነው፣ ባለቤቴም ገበያ ሄዳለች።